ከጉና ግርጌ የተነሣ ሞሰብ

ጉና ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከትከሻው ተነሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው አገር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። ላዩ ውርጭ የሚወርድበት ደጋ፣ ታቹ የአባይና የበሽሎ ገደል የሚያግለው ቆላ። ገብስ፣ ባቄላና ተልባ ከሚዘራበት ማሳ የተነሣ መንገደኛ ጤፍና ሽንብራ የሚበቅልበትን ወይና ደጋ አቋርጦ ማሽላ ወደሚጠበቅበት ቆላ ይወርዳል፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ እህሉ ግን በየዳገቱ ይለወጣል። የደጋው ሰው ገብሱን በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ የቆላው ሰው ማሽላውንና በርበሬውን ይዞ ይወጣል፣ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። የዚህ አገር ሴቶች ጓዳቸውን የሞሉት በዚህ ግብይት ነው።

ዛሬ እንጀራ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደንና በቶሮንቶ ቀድሞ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ፈልጎ የሚበላው ምግብ ሆኗል። ታሪኩ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ነው። እኔ ከማሳው መጀመር እፈልጋለሁ። ይህን ምግብ የውጭው ዓለም ቀምሶ በወደደባቸው በእነዚያው ዓመታት ያበቀለው አገር በረሃብ ተመትቶ ነበር። ሁለቱን ለያይቶ መተረክ ጋይንትንና ስማዳን መበደል ይመስለኛል።

ጤፍ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ከዱር ሣር ተለይቶ እህል የሆነ፣ ለብዙ ሺህ ዓመታትም እዚሁ የኖረ ዘር ነው። ዱቄቱ በቡሃቃ ውስጥ ካለፈው ቡኮ በተረፈ እርሾ ይቦካል። ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ብርዱ በሚበረታበት በላይ ጋይንት ከዚያም ይዘገያል። ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ ወደ ቡኮው ሲመለስ ሊጡ ኩፍ ይላል። ምጣዱ ይሰማል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሀል እየተዞረ ይፈሳል፣ አክንባሎው ይደፋበታል። ዓይኑ ሲወጣ በሰፌድ ይነሣል። ይህን ሁሉ ያወጡት ሴቶች ናቸው፤ የብርዱን ልክ በእጃቸው፣ የቡኮውን ልክ በአፍንጫቸው እያወቁ ከእናት ለልጅ ሲያስተላልፉት ኖሩ። ጤፍ በማይደፍረው ደጋ ደግሞ ያንኑ ጥበብ ወደ ገብስና ወደ ስንዴ አዞሩት። የገብስ እንጀራ ወፍራምና ጥቁር ነው፣ ሆድ ይይዛል። የተረፈው ገብስ ቆሎ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፣ ገንፎ ይሆናል፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል ይሆንና ከጌሾ ጋር ወደ ጋኑ ይገባል።

ከማሳው ቀጥሎ ይህን ወጥ ቤት የሠራው ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን ሲደማምር በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይርቃል፤ ካህናቱ ከዚህም ይበልጣሉ። እንግዲህ የጋይንት እናት ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነውን ያለ ቅቤ ቤተሰቧን ማብላት ነበረባት። ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩ፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ የተልባው፣ የኑጉና የሱፉ ፍትፍት፣ ጎመኑ ከዚህ የተወለዱ ናቸው። ስልጆን ብቻ ብንወስድ፣ የባቄላ ዱቄት ተማስሎ በሰናፍጭ እየመረረና እየኮመጠጠ ለቀናት እንዲብላላ ማድረግ የፆሙን ርዝመት የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚደርስበት ዘዴ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ አሜሪካዊው ሥጋ የማይበላ ተመጋቢ በያይነቱን አይቶ ሲደነቅ፣ የተደነቀው በዚህ የጾም ጓዳ ነበር።

ጋይንት ለቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ዋና አገር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የተነሡ ተማሪዎች በእግር መጥተው በእነዚህ ደብሮች ለዓመታት ቀለም ይቆጥሩ ነበር። ደሞዝ የላቸውም፤ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው፣ ውሻ እየተከላከሉ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ በየደጁ ይቆማሉ። የቤቱ እመቤት ካላት ታካፍላለች፦ የእንጀራ ቁራሽ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ። ቁራሹ ከየቤቱ ስለሚመጣ የጤፉም የገብሱም የማሽላውም በአንድ አኩፋዳ ይቀላቀላል፤ የተረፈው ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ስለዚህ የዚህ አገር ምግብ ከአገሩ ውጭ በሚመጣ ሰው መቀመስ የጀመረው ከምግብ ቤት በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ምስክር ሆኖ ወደ አገሩ የተመለሰ መሪጌታ ሁሉ የጋይንትን ቁራሽ በልቶ ያደገ ነበር።

በ16ኛው መቶ ዘመን አንድ ትልቅ እንግዳ መጣ። ከአሜሪካ ምድር የወጣው በርበሬ በፖርቹጋሎች መርከብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ተሰራጨ፤ ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚያው ንግድ በኩል እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በፊት ወጡን የሚያቀምሙት ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና የመሳሰሉት ነበሩ። ሴቶቹ እንግዳውን ብቻውን አልተዉትም። ቀነጠሱት፣ ወቀጡት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ደለዙት፣ አደረቁት፣ አመሱት፣ ከእነ ኮረሪማውና አዝሙዱ አስፈጩት። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ያለ በርበሬ ወጥ የማይታሰብ ሆነ። ዛሬ የቀዩን ወጥ ባህልነት የሚጠራጠር የለም፤ እኔም አልጠራጠርም። ባህል የሚሆነው በዘመን ርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በርበሬ ከጤፍ ጎን ሲቀመጥ ገና ሕፃን ነው።

ጎንደር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጤፍን ከእንሰትና ከሌሎች ዕፅዋት ጋር በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓ አሳወቀ። ለንደን ግን ያነሣችበት ነገር ሌላ ነበር፤ በኢትዮጵያ ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ሲነግራት ውሸታም አለችው። ያን ሁሉ ስለ እህል የጻፈውን ትተው በአንድ የጥሬ ሥጋ ወሬ ላይ ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። የዚያ ዘመን የለንደን ሰው የዚህን አገር ምግብ ወሬ እንዲህ በመሣቀቅ ነው የሰማው።

ድንች ተከተለ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። መጀመሪያ የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከመሬት በታች ተቆፍሮ የሚወጣ ምግብ በእህል አገር ክብር አልነበረውም።

ከዚያ ጎተራ ባዶ የሚያስቀር ዘመን መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ መንገዱን እያስጠረጉ፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ ዳገት ወጥተው ወደ መቅደላ ሄዱ። ጉዞው ወራት ፈጀ። ጋይንት የሚገኝበት በጌምድር ከዚያ በፊትም በዘመቻና በቅጣት ተዘርፎ ነበር፤ በዚያ ላይ ይህን የሚያህል ሠራዊት የሚያድረው በገበሬው እህልና በገበሬው ከብት ነው። የቴዎድሮስ ታሪክ ሲጻፍ መድፉ በየገጹ አለ። ለዚያ ሰልፍ እንጀራ የጋገሩት የጋይንት ሴቶች ግን የሉበትም።

የበጌምድር ምግብ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በአንዲት ሴት እጅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ዘራቸው ከስሜን፣ ከየጁና ከበጌምድር የሚመዘዝ፣ የሰሜኑን ወግ አሳምረው የሚያውቁ እመቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ለቀናት የቆየ ነበር፦ ሥጋው፣ ወጡ፣ እንጀራው፣ በጋን የተጣለው ጠጅ፣ ከየአገሩ የተጠራው መኳንንት። የምግብ ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ይህን ግብር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ አንድ ሆኖ የታየበት ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሬ። ጣይቱ ያሰለፏቸው ወጦች ተፈትነው የመጡት ከሰሜኑ ገበሬ ጓዳ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ አበዛቸው፣ አከበራቸው፣ ስምና ሥርዓት ሰጣቸው።

ግብሩ ባለፈ በዓመቱ ክፉ ቀን ገባ። ከጣልያኖች ከብት ጋር በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሬውን ጨረሰው፤ ከአሥር ዘጠኙ ከብት አለቀ የሚባልበት ዘመን ነው። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ከሌለ ጤፍ የለም። አንበጣና ድርቅ ተጨመሩ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ለሰው አርአያ መሆናቸው ይነገራል። ድንች ያን ጊዜ ነው ክብር ያገኘው። በሬ ሳይፈልግ በዶማ ይተከላል፣ ገብስ ከመድረሱ በፊት ይደርሳል፣ ውርጭ ካልመታው በቀር የጉና ብርድ ይስማማዋል። ከዚያ ወዲህ በላይ ጋይንትና በስማዳ ደጋ ድንች የክረምቱ መሻገሪያ ሆነ፤ ቅቅሉ በዳጣ፣ ወጡ በበርበሬ። ሺምፐር ያመጣውን የጋይንት ደጋ የተቀበለው በችግር ቀን ነው፤ ከተቀበለው በኋላ ግን አልለቀቀውም። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ጉዋሳ የተባለውን የድንች ዝርያ ሲያወጣ፣ ገበሬው ድንችን የአያቱ እህል አድርጎ ነበር የሚያውቀው።

እ.ኤ.አ. በ1907 እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ከፈቱ። ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ገና ስላልለመደ መጀመሪያ ባዶ ነበር፤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ እየበሉ አስለመዱት። ቀስ በቀስ ጠላ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ በየሰፈሩ ተከፈተ። እዚያም እንጀራ የሚጋግረው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ጠላ የሚጠምቀው እጅ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተሰዶ የመጣ ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ብዙ ሰው ካፈለሱት አገሮች መካከል ናቸው። ወንዱ ለአጨዳና ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ይወርዳል፣ ሴቷ ወደ ከተማ ገብታ በሰው ቤት ትጋግራለች። በአዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ የቆመችው እንጀራ ጋጋሪ የእናቷን አብሲት ይዛ የመጣች ናት፤ ከተማው ደግሞ የራሴ ነው አለው።

ባሕር ማዶ የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በየነ ጉሊላት የተባለ ኢትዮጵያዊ በካሊፎርኒያ፣ በሎንግ ቢች ከተማ ምግብ ቤት ከፈተ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ይኸው ነው ይባላል። ብዙ አልቆየም፤ በላተኛው ገና አልነበረም። አሜሪካ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ዲፕሎማቶች ነበሩ፤ ተምሮ ለሚመለስ ሰው ምግብ ቤት አያስፈልገውም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ ሥልጣን ያዘ፣ የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከኛ ርቆ በሚገኝ ምድር ሳይጎን ወደቀች። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን እንጀራ አሜሪካ በስፋት የገባበትን በር ያስከፈቱት ቬትናሞች ናቸው፤ ስለዚህ የእነሱንም ነገር ማንሣት ይገባል።

ቬትናሞች ፎ የሚሉት፣ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ፓስታ በከብት አጥንት መረቅ ላይ ቅጠላ ቅጠል ተጨምሮበት የሚበላ ምግብ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሰሜኑ ክፍል፣ በሀኖይ አካባቢ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ አገሩን የሚገዙት ፈረንሳዮች ነበሩና የበሬ ሥጋ ገበያ የሰፋው በእነሱ ፍላጎት ነው። ፈረንሳይ ያመጣውን ረጅም ዳቦም ወስደው በራሳቸው ሥጋ፣ ቃሪያና ኮምጣጣ አትክልት ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ ፎም በስደተኞቹ ጀርባ ወደ ሳይጎን ወረደ። ደቡቡ ደግሞ ቅጠሉን አበዛበት፣ ስኳርና ቅመም ጨመረበት። ሳይጎን ስትወድቅ ያው ምግብ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ቴክሳስና ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ወዳለችው ቨርጂንያ። የእኛን በርበሬ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም።

የቬትናምና የአካባቢዋ ስደተኛ በብዙ መቶ ሺህ ሲመጣ አሜሪካ በየጊዜው የሚወጣ ልዩ ፈቃድ አልበቃት አለ። መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር አዲስ የስደተኞች ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ በብዛት ከገቡት አፍሪካውያን መካከል በሱዳን የስደተኛ ሠፈር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ግንባር ቀደም ነበሩ። መተማን ተሻግረው፣ በገዳሪፍና በካርቱም ቆይተው የመጡ ብዙ ናቸው፤ የጎንደር ክፍለ ሀገር ሰው ለዚያ ድንበር ቅርብ ነው።

ምግቡ ከሕጉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዋሽንግተን፣ በጆርጂያ ጎዳና፣ ማማ ደስታ የተባለ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ወጡን የምትሠራው ደስታ ባይሩ ነበረች። በከተማዋ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነው። በኋላ ቺካጎ ሄዳ እዚያም ስሟ በምግብ ቤት በር ላይ ተጻፈ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ባለሙያዋ በስሟ ከተጠራችባቸው ጥቂት ቦታዎች ይህ አንዱ ነውና ቆም ብሎ ማመስገን ደስ ይለኛል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር ቀይ ባሕር፣ መስከረምና ሌሎችም ተከታተሉ። ወንዙን ተሻግሮ በፎልስ ቸርች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች ገበያ ተቋቋመ፤ ዛሬ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ተደርድሯል። በስደት የገቡ ሁለት ሕዝቦች በአንድ መንደር ይነግዳሉ።

ጤፍ ግን አልነበረም። ሴቶቹ በስንዴ ዱቄት፣ በገብስ፣ በማሽላ፣ ራሱ በሚነፋ የፋብሪካ ዱቄት ሞከሩ። ምጣድ በሌለበት መጥበሻ፣ አክንባሎ በሌለበት የድስት ክዳን፣ እንጨት በሌለበት የኤሌክትሪክ ምድጃ። እስኪሆን ድረስ ሞከሩ፣ ሆነም። የጋይንት ደጋ ሴት ጤፍ ሲጠፋ የምታደርገውን ነው ያደረጉት። ዌይን ካርልሰን የተባለ በኢትዮጵያ ሠርቶ የተመለሰ አሜሪካዊ በአይዳሆ ጤፍ ዘርቶ ለሐበሻው መሸጥ ሲጀምር እንጀራው ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የማይክል ቡርክን የኮረም ዘገባ አሰራጨ፤ ዓለም አለቀሰ። ኮረም ብቻ አልነበረም። ከወሎ ጋር የሚዋሰነው ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም ዝናብ አጥተው፣ ከብታቸውን ሸጠው፣ ዘራቸውን በልተው ነበር። የርዳታ ስንዴ፣ ዘይትና ፋፋ መጣ። የጋይንት ሴት የማታውቀውን የፈረንጅ ስንዴ አቡክታ፣ በእርሾዋ አኩፍታ እንጀራ አደረገችው፤ ዋሽንግተን ያለችው እህቷ በዚያው ወር የፈረንጅ ስንዴ ታቦካ ነበር። አንዷ ልጆቿን ከሞት ለማትረፍ፣ ሌላዋ እንግዳ ለማስተናገድ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ነው ልቤ የሚቆመው።

በአሜሪካ ሰው ኢትዮጵያን የሚያውቃት በቴሌቪዥን ባየው የረሃብ ሥዕል ነበርና፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ምን ምግብ አላት የሚል ቀልድ ለዓመታት ተቀለደ። ምግብ ቤቶቹ ያንን ቀልድ በትዕግሥት ተሸክመው በየምሽቱ ሞሰብ አቀረቡ። የመጣው ፈረንጅ እጁን ታጠበ፣ በእጁ ቆረሰ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ከአንድ ትሪ በላ፣ ጎረሰ። አንዱ አንዱን እየነገረ ተስፋፋ። ጋዜጠኛውና ተማሪው፣ ሥጋ የማይበላው፣ ኪሱ የሳሳው ሁሉ ለመደው። ከብሩስ ጥሬ ሥጋ ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት የቆየው መሣቀቅ በጉርሻ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሠፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በይፋ ሰየመ።

በአገር ቤት ደግሞ የእስያ እጅ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር፣ በደርግ ዘመን፣ የቻይና መሐንዲሶች ከወልድያ ወረታ የሚደርሰውን ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሠሩ። ቴዎድሮስ መድፍ ያስጎተቱበትን የጨጨሆን ዳገት መኪና ወጣው። የጋይንቷ ንፋስ መውጫ የመንገድ ከተማ ሆነች፤ የጋይንት ድንችና ገብስ በጭነት ይወርድ ጀመር። በዚያው በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) ከመንገዱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጂግናና በሻጋ ሩዝ አስተከሉ። ዝርያው ኤክስ-ጂግና ተባለ። ኮሪያዎቹ ሄዱ፣ ሩዙ ቀረ፤ ከደርግ በኋላ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ሜዳውን ሸፈነው። ሴቶቹ ምን አደረጉት? ቀቅለው ብቻ አልተዉትም። ከጤፍ ጋር አስፈጭተው እንጀራ ጋገሩት፣ ዳቦ ደፉት፣ ለጠላና ለአረቄ አዋሉት። የሩዝ ቅልቅል እንጀራ ነጭ ነው፣ ዋጋውም ከንጹሕ ጤፍ ይረክሳል። ከወረታ በቻይናው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት የሚወጣው መኪና ዛሬ ሩዝ ይጭናል። ሀኖይና ሳይጎን ፓስታ ያደረጉትን እህል ደቡብ ጎንደር እንጀራ አደረገው።

በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን ጀመረ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። በተራቆተ ተራራ ላይ እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በስንዴ ወይም በገንዘብ የሚከፈላቸው ብዙ ሺህ አባወራዎች ገቡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998 ዓ.ም.፣ የጤፍ ዋጋ ንሮ በአገር ቤት እንዳይታጣ መንግሥት ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። የተጋገረ እንጀራ ግን አልተከለከለም፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ዋሽንግተንና ወደ ስቶክሆልም እየተጫነ መሸጡ ቀጠለ። በዚያው ዘመን አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጤፍን አዘጋጅቶ ዱቄት ማድረግ የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ሴቶቻችን ከዘመነ አክሱም ጀምሮ ሲያቦኩት የኖሩትን! ጉዳዩ ለዓመታት ሲያንገበግብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ምዝገባው በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም ሲል በየነ።

የምግቡ ዝና እስከዚያ ድረስ ጣሪያ ነክቷል። ምግብ ፈላጊው ተጓዥ አንቶኒ ቦርዴይን እ.ኤ.አ. በ2015 ከትውልደ ኢትዮጵያዊው ምግብ አብሳይ ከማርከስ ሳሙኤልሰን ጋር ኢትዮጵያ መጥቶ በቴሌቪዥን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ደግሞ ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር በሀኖይ አንዲት ተራ ምግብ ቤት በላስቲክ ዱካ ላይ ተቀምጦ በላ፣ ሥዕሉ ዓለምን ዞረ። ሁለቱ የስደት ምግቦች ከስደት ሠፈር ወጥተው በየአገራቸው ደጃፍ እንግዳ የሚቀበሉበት ዘመን ሆነ። ሆኖም ካሜራው ጋይንት አልደረሰም። በዋሽንግተን ምግብ ዝርዝር ላይ ስልጆ ብርቅ ነው፤ የገብስ እንጀራና ድንች በዳጣ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። የዓለም ሰው የሚያውቀው የዚህን ወጥ ቤት ከፊሉን ብቻ ነው፤ የደጋው ግማሽ እስካሁን ከጉና አልወረደም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ንፋስ መውጫ ደረሰ። ከተማዋ ለቀናት በትግራይ ተዋጊዎች ሥር ቆየች፤ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ፣ በሴቶች ላይ ግፍ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ አልረጋም፤ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ ማዳበሪያ ይዘገያል። የጤፍ ዋጋ ግን ሳይቆም ወጥቷል። የእስቴ ገበሬ በጥር ጤፉን ወቅቶ አብዛኛውን ለነጋዴ ይሸጣል፤ ጤፉ በባሕር ዳር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። በሽያጩ ማዳበሪያውን ይከፍላል፣ ለልጆቹ ልብስ ይገዛል፣ ለቤቱ የሚሆነውን ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ይሸምታል። ሚስቱ እነዚያን ከተረፈው ጤፍ ጋር አስፈጭታ ታቦካለች።